ሴረሙ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ ዛሬ የምትመረቁ የፀጉር ሥራ ባለሙያዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

እኔ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ፤ ሹሩባ ሥሪ ብትሉኝ ጉዴ ይፈላል። የማወራችሁ ስለ ዳይሜቲኮን ነው። በምትሠሩበት ሳሎን ሁሉ ከኮንዲሽነሩ፣ ከትሪትመንቱ፣ ይልቁንም ከሴረሙ፣ ማለትም ፀጉር ላይ ተቀብቶ ከሚቀረው ማለስለሻ ውስጥ አታጡትም።

ዳይሜቲኮን በፋብሪካ የሚሠራ የሲሊኮን ዘይት ነው። በውሃ አይሟሟም፤ እንደ ቅቤም አይበላሽም። ሥራው ፀጉርን በስሱ መሸፈን ነው። ጤነኛ ፀጉር በቅርፊቱ ላይ የራሱ ስስ የስብ ሽፋን አለው፤ ውሃን የሚገፋው፣ ማበጠሪያውን የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ሪላክሰር (ፀጉር መዘርጊያ ኬሚካል) እና ቀለም ማንጫ ይህን ሽፋን ይገፉታል። ያኔ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ፀጉር ከፀጉር ይያያዛል፣ በተለይ እርጥብ ሳለ ሲበጠር እየተበጠሰ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ዳይሜቲኮን በጎደለው ቦታ ገብቶ ፍትጊያውን ይቀንሳል። ገጹ ስለሚስተካከልም ፀጉሩ ያበራል።

ታዲያ ደንበኛችሁን «ይሄ ፀጉርሽን ይመግበዋል» አትበሏት። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ምን ይበላል? ለጋ ቅቤም ቢሆን ያለሰልሳል እንጂ አይመግብም። (እናቶች፣ ይቅርታ!) የከፋው ግን ወዲህ ነው፦ በሪላክሰር የተጎዳ ፀጉር ሴረም ሲነካው የዳነ ይመስላል። ደንበኛዋም ደስ ብሏት ሳትቆይ ተመልሳ «ሪላክሰሩን ድገሚልኝ» ትላለች። ከሥር ያለው ጉዳት እንዳለ ነው። ያን ጊዜ እምቢ ማለት የእናንተ ፋንታ ነው፤ ገንዘቡ ቢቀርም።

«ሲሊኮን ፀጉር ያፍናል» የሚሉም አሉ። ፀጉር አይተነፍስም፤ ሽፋኑም ቢሆን የውሃ ተን ያሳልፋል። መከማቸቱ ግን እውነት ነው፤ ሳስ ያለ ፀጉር ይከብድና ይተኛል። ሶዲየም ላውረት ሰልፌት የሚባል አጣቢ ያለበት ሻምፑ ያጥበዋል። በኮንዲሽነር ብቻ የምትታጠብ ደንበኛ ካለቻችሁ ይህን ንገሯት።

አሁን ጠርሙሱን አዙሩት። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን ቅደም ተከተሉን ላይጠብቁ ይችላሉ። ብዙ ሴረም ላይ መጀመሪያ የምታገኙት ሳይክሎፔንታሲሎክሴን የሚባለውን ሲሊኮን ነው፤ እሱ ሌላውን ፀጉሩ ላይ አዳርሶ ራሱ ይተናል። አሞዳይሜቲኮን የሚባለውን ሌላ ሲሊኮን ካያችሁ፣ ያ አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ይበልጥ የሚጣበቀው የተጎዳው ቦታ ላይ ነው። ከዳይሜቲኮን በፊት «ፔግ» (PEG) የሚል ካለበት ደግሞ በውሃ ቶሎ ይለቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታጥበው በሚለቁ ምርቶች ውስጥ ሳይክሎፔንታሲሎክሴን ከ0.1 በመቶ እንዳይደርስ ከልክሏል። ምክንያቱ ፀጉር አይደለም። ፍሳሽ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይና በውሃ ውስጥ ፍጥረታት አካል ስለሚከማች ነው። ዳይሜቲኮን በዚህ ክልከላ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን መጽሐፍ አይነግራችሁም። ሴረም ሲረጭ ሴራሚኩ ላይ ያረፈው ወለሉን ያንሸራትታል፤ በውሃ ብቻም አይለቅም። ከካስክ ተነስታ የምትመጣ ደንበኛ እንዳትወድቅባችሁ ወዲያው በሳሙና አጥቡት።

አመሰግናለሁ። ጠርሙሶች ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አሉ። እያነሳችሁ አንብቡና ጠይቁኝ።