የሼክስፒር ቃል በቀይ ኮት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ስለመጣ አንድ የቀልድ ሥዕል ዓይነት ላውራችሁ። ሻለቃ ሴኮም የተባለ መኮንን በ1880 ለንደን ላይ፣ የሼክስፒርን ቃል ወታደር አጣሞ ቢያነበው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ከተውኔቱ አንድ መስመር መምዘዝ፣ የጦር ሰፈር ሥዕል ማድረግ፣ አለቀ። ግን አያልቅም።

መጀመሪያ መስመሩ። አጭር ይሁን፣ ሰው በቃሉ የያዘው ይሁን፣ አንድ ፊደል እንኳ አይነካ። ቃሉ ከተለወጠ ቀልዱ ወደ ጽሑፉ ይዛወርና ሥዕሉ ሥራ ፈት ይሆናል። ለማሳያ እኔው ላገጣጥም። በማክቤዝ ተውኔት ንጉሡን ያስገደለችው ሌዲ ማክቤዝ እጇን እያሸች «ውጣ፣ አንተ የተረገምክ ነጠብጣብ!» ትላለች። ይህን እንዳለ፣ ፍተሻ ሊጀመር ሲል ነጭ ቀበቶው ላይ የጫማ ቀለም ላንጠባጠበ ምልምል እንስጠው። የንጉሡ ደም የጫማ ቀለም ሆኖ አረፈው።

ሐምሌት ግን ለብቻው ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምታውቁት ታስታውሱ ይሆናል፤ ተውኔቱ የሚከፈተው በዘብ ቅይይር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ፍራንሲስኮ ቆሟል፤ በርናርዶ ሊተካው ይመጣል። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው ታዲያ መጪው በርናርዶ ነው! መጠየቅ የነበረበት እኮ በዘብ ላይ ያለው ነው። ፍራንሲስኮም ወዲያው «አይ፣ አንተ መልስልኝ፤ ቁምና ማንነትህን ግለጥ» ይለዋል። ቲያትር ተመልካች እዚህ ጋ ፍርሃቱን ያያል፤ የዘብ ቤት ሰው ግን ቀድሞ የሚታየው የደንብ ጥሰቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፍራንሲስኮ «ስለተካኸኝ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ብርዱ መራራ ነው» ይላል። በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ዘብ ሁለት ሰዓት ቆሞ አራት ሰዓት ያርፍ ነበርና ይህ መስመር ምንም ሳይጣመም እንደ ወረደ ይሠራል። እኔን አብልጦ የሚያስቀኝ እንዲህ ያለው ነው።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ ፊት ማጣመምና አፍንጫ ማቅላት ርካሽ ነው። ሳቁን የሚያመጣው የልብሱ ትክክለኛነት ነው። በ1878 የእግረኛው ረጅም ቆብ ቀርቶ አናቱ ላይ ሹል ያለው ሰማያዊ ሄልሜት ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለአዲስ ምልምል አሮጌውን ቆብ የሣለ ሰው ራሱ መሳቂያ ይሆናል። አስር አለቃ ክንዱ ላይ ሁለት መስመር እንጂ ሦስት አያደርግም። አንዱ ወታደር ግራ የገባው እንዲመስል በዙሪያው ያለው ሁሉ በቦታው መሆን አለበት።

ኅትመቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዚያ ዘመን ባለቀለም ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚታተመው በኖራ ድንጋይ ነበር፤ ቅባትና ውሃ አለመዋደዳቸውን የሚጠቀም ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ ይዘጋጃል፣ ወረቀቱም በእያንዳንዱ ላይ በተራ ይታተማል። ድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚሥል ሰው ግራና ቀኙን ገልብጦ መሣል አለበት። ከዘነጋ ሰይፉ በቀኝ ዳሌ፣ ሜዳሊያው በቀኝ ደረት ይወጣል፤ ይህን ደግሞ መኮንን አይምርም።

ከዚያ በወታደሩ ቀይ ኮት ላይ ያለው ቀበቶ አለ። ነጩ ቀበቶ ቀለም የለውም፤ ሳይታተም የተተወ ወረቀት ነው። ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ከተለጠጠ የኮቱ ቀይ ቀለም ቦታውን አንድ ሚሊ ሜትር ይስታል፤ በአንድ በኩል ኮቱ ቀበቶውን ይበላዋል፣ በሌላ በኩል ባዶ ነጭ ስንጥቅ ይከፈታል። የዚያ ዘመን ቅጂ እጃችሁ ከገባ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ አንገቱ አካባቢ ተመልከቱ። ቀዩ ከኮሌታው አልፎ ወደ አገጩ ከወጣ፣ ጥፋቱ የሠዓሊው ሳይሆን የአታሚው ነው።