ደረሰኝ ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ግብር ነው። ቃሉን እንደሰማችሁ ስልካችሁን ለመዝጋት እጃችሁን የዘረጋችሁ ብትኖሩ አልቀየማችሁም። እኔ ግን ብዙ ዘመኔን የነጋዴ መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ጉዳዩን የማውቀው ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይልቅ ከሱቅ ባንኮኒ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሐምሌ 2007 አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ሦስተኛው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ። ከዚያ የወጣው ሰነድ እስከ ዛሬ በከተማችን ስም ይጠራል፤ «የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ» ይሉታል። ሰነዱ ብዙ ነገር ይላል፤ ለዛሬ ጨዋታችን የሚያስፈልገን ግን ድሃ አገር የሰው እጅ ከማየት ይልቅ ከራሱ ሕዝብ የሚሰበስበውን ገቢ ያሳድግ የሚለው ነው። ብዙ ለጋሾችም ለዚህ ሥራ የሚሰጡትን የባለሙያ ድጋፍ በአምስት ዓመት ውስጥ እጥፍ እናደርጋለን ብለው ቃል ገቡ።

ያኔ በኢትዮጵያ የሚሰበሰበው ግብር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 12 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወጣል ሲባል ወረደ፤ በ2015 እና በ2016 ገደማ ወደ 7 በመቶ ተጠግቷል። ኢኮኖሚው አድጓል እየተባለ የግብሩ ድርሻ ሲያሽቆለቁል ማየት ያስገርማል። ሰኔ 2017 መጨረሻ ላይ አራተኛው ጉባኤ በስፔኗ ሴቪያ ሲካሄድ ደግሞ፣ ከ15 በመቶ በታች የሚሰበስቡ አገሮች ቢያንስ እዚያ እንዲደርሱ ይደገፉ ተባለ። ከዚያ በታች የሚሰበስብ መንግሥት ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም በቅጡ ማስኬድ ያቅተዋል የሚል ስሌት ነው። እኛ ያኔ የዚያ ግማሽ ገደማ ላይ ነበርን።

አሜሪካ ከሴቪያው ድርድር ራሷን አግልላለች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ፈረሰ፤ በእርዳታው ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞቻችን ውል ተቋረጠ። እንግዲህ ከራሳችን ኪስ እንሰብስብ ማለት ድሮ ምክር ነበር፤ ዛሬ ሌላ የቀረ በር የለም።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ 7 በመቶ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው።

ከደመወዝተኛው ልጀምር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ደመወዝተኛ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ደጃፉ ክፍት ስለሆነ ነው። ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ግብሩ ተቆርጦ ያልቃል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 600 ብር ያለውን ደመወዝ ነፃ አድርጎ፣ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ጣለ። በዚያ ዘመን በወር 10,900 ብር የሚያገኝ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የሚከበር ሰው ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ሰኔ 2017 ላይ ያው 10,900 ብር 80 ዶላር ያህል ሆነ። ሕጉ ግን ሰውየውን አሁንም ከባለጸጎች ተርታ አስቀምጦ ከዚያ በላይ ከሚያገኛት ከእያንዳንዷ 100 ብር 35 ብር ይወስድ ነበር። የደመወዝተኛው ግብር ይጨመር ብሎ ምክር ቤት ውስጥ እጅ ያወጣ ሰው የለም። የዋጋ ንረቱ ብቻውን ጨመረው።

ሐምሌ 2017 አዋጁ ሲሻሻል ነፃው ደመወዝ 2,000 ብር ደረሰ፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ተጠብቆ ከ10,900 ወደ 14,000። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ጤፍ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለ ገቢ ሪፖርትም እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በ2017 ከ900 ቢሊዮን ብር በላይ የፌዴራል ገቢ ተሰበሰበ ተብሎ ተጨብጭቧል። ጭብጨባውን አልቃወምም፤ የሠሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የውጭ ዕቃ ቀረጥ የሚሰላው ዋጋው ወደ ብር ተመንዝሮ ነው። የ1,000 ዶላር ዕቃ በ57 ብር ሲመነዘርና በ130 ብር ሲመነዘር ጉምሩክ የሚያገኘው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ይለያያል፤ የገባው ዕቃ ግን ያው ነው። የዚያ ዓመት በጀትም 971.2 ቢሊዮን ተብሎ ጸድቆ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት፤ የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ከዜሮዎቹ ብዛት ይልቅ ያ ከጠቅላላ ምርት የሚታየው ድርሻ እውነቱን ይናገራል።

አሁን ወደ ነጋዴው እንምጣ፤ እኔ ወደማውቀው። 2009ን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ የቀን ገቢ ግምት የወጣበት ክረምት። ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ ይህ ፀጉር ቤት በቀን ይህን ያህል ይሸጣል፣ ይህች ጀበና ቡና ይህን ያህል ታስገባለች ብለው ጻፉ። መዝገብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ በግምት ካልሆነ በምን ይከፍላል? ችግሩ ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ማንም ለማንም አላስረዳም። ብዙ ሰው የቀን ሽያጩን ግምት ሲያይ ግብሩ መስሎት ደነገጠ። ከአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ የሚነግዱ ሁለት ሱቆች ሰማይና ምድር የሆነ ቁጥር ደረሳቸው። አምቦ፣ ወሊሶ፣ አዲስ አበባም ውስጥ ሱቆች ተዘጉ። በኋላ አቤቱታ ታየ፣ ለብዙዎች ተቀነሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቅነሳው ነው። ጮሆ የተቀነሰለት ሰው የሚማረው ቁጥሩ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ነው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ይፈለጋል። እኔ ባሳለፍኩት ሥራ ውስጥ ከሒሳብ ችሎታዬ ይልቅ «ሰው ታውቃለህ ወይ?» ተብዬ የተጠየቅሁበት ጊዜ ይበልጣል።

ከዚህ የሚብሰው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ሁላችንም ቫት የምንለው። አንድ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ «ደረሰኝ ይቆረጥ ወይስ ይቅር?» ተብላችሁ አታውቁም? ይቅር ካላችሁ 15 በመቶው ይቀራል፤ ይቆረጥ ካላችሁ እንደ ሰላይ ትታያላችሁ። ሰው ነጋዴውን ሌባ ይለዋል። እስቲ ስሌቱን ከእኔ ጋር ተከተሉት፤ ወረቀትና እርሳስ ብትይዙ ይቀልላችኋል።

ነጋዴው ዕቃውን በ1,000 ብር ከአከፋፋይ ገዛ እንበል፤ በ1,200 ሊሸጠው ነው። ሥርዓቱ ከላይ ጀምሮ ቢሠራ ሲገዛ 150 ብር ቫት ከፍሎ ደረሰኝ ይይዛል፣ ሲሸጥ 180 ይሰበስባል፣ ልዩነቱን 30 ብር ለመንግሥት ያስገባል። ቀላል ነው። ነገር ግን አከፋፋዩ ደረሰኝ አልሰጠውም፤ ወይም በ1,000 የሸጠለትን 400 ብሎ ቆረጠለት። ደረሰኝ የሌለው ነጋዴ የሚያቀናንሰው ነገር የለውም፤ 180ውን ሙሉ ማስገባት አለበት። ደንበኛው 1,380 ሲባል ደግሞ ደረሰኝ ወደማይቆርጠው ጎረቤት ይሄዳል። ስለዚህ 1,200ው ላይ ቆሞ ቫቱን ከራሱ ልክፈል ካለ ከ200 ብር ትርፉ አብዛኛው ያልቃል። ዓመቱ ሲያልቅም ዕቃውን በስንት እንደገዛ ማስረጃ ስለሌለው የሸጠበት ሁሉ ትርፍ ይመስላል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ደረሰኝ ቢደብቅ እኔ አልፈርድበትም። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሸጥበት ገበያ የተፈጠረውም በዚሁ ቀዳዳ ነው፤ ሰው ወጪውን የሚያሳይ ወረቀት በገንዘብ ይገዛል።

ኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠነክር ሱቆች መዘጋታቸውን ሰምታችኋል። ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬም ነበር፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮ ሐሰት ነው ብሏል። ከወሬው ይልቅ ትኩረቴን የሳበው የነጋዴዎቹ ምላሽ ነው፤ «አስመጪውና አከፋፋዩ ለእኛ ደረሰኝ አይሰጡንም፣ እኛ ከየት አምጥተን እንስጥ?» አሉ። የዚህን መልስ አላገኙም። ቁጥጥሩ የቆመው ዕቃው በመጨረሻ በሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ነው፤ ወንዙ ከላይ ደፍርሶ ሳለ ከታች የሚቀዳውን መገሠጽ ይመስላል።

«ሕዝባችን ግብር መክፈል አይወድም» የሚሉ ባለሥልጣናት አሉ፤ እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። የህዳሴውን ግድብ አስቡ። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ ድረስ ሰው ቦንድ ገዝቷል፣ የወር ደመወዙን ሰጥቷል፣ በአጭር የስልክ መልእክት ሳይቀር አዋጥቷል። ሁሉም በፈቃዱ ነበር አልልም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ አልሰጥም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ግን ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ኮንክሪት ለማየት ዕድል የማይገጥማቸው አሮጊቶች ሲያዋጡ አይቻለሁ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ያውቁ ነበር። የቫት 15 ብር ግን የት ገባች? ቀበሌው ውስጥ ያለውን የተሰበረ የቦኖ ውኃ እያየ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል።

ታሪካችንም ይህንኑ ይነግረናል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ሲወጣ የጎጃም ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሣ። ከብሩ መጠን በላይ ያስፈራው ገማች መሬቱን ለክቶ ርስቱን ያስነጥቀኛል የሚለው ነበር። ጦር ዘመተበት፤ አልተበገረም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሥተው ውዝፉ ተማረ፤ አዋጁም እዚያ ምድር ላይ በወረቀት ቀረ። የጎረቤታችን የኬንያም ጉዳይ አለ፤ ሰኔ 18 ቀን 2016 ወጣቶች የፋይናንስ ሕጉን ተቃውመው ናይሮቢ ምክር ቤት ውስጥ ገቡ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶ በማግስቱ አልፈርምም አሉ። ዳቦ ላይ ቫት ሊጣል ነው የሚለው ብቻ አይደለም ያንን ሁሉ ሰው ያወጣው፤ ባለሥልጣናቱ ሀብታቸውን በየማኅበራዊ ገጹ ሲያሳዩ የከረሙበት ጊዜ ነበር።

የተሻለ ነገር የሞከረ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ግብሯን ስታሻሽል፣ ገማች በየቤቱ ገብቶ ዋጋ ይስጥ ማለቱን ትታ በነጥብ አደረገችው። ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ የቤቱ ስፋት ይታወቃል፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ያለበት መንገድ እያንዳንዱ ነጥብ አለው። ነዋሪው ነጥቡ በምን እንደመጣ አይቶ «ቤቴ እንዲህ አይደለም» ብሎ መከራከር ይችላል። የባለጸጎቹ ግብር ጨመረ፣ የብዙ ድሆች ቀነሰ። ለእኔ የሚጥመኝ ከፎቶግራፉ ይልቅ ክርክሩ ነው፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከወረቀት ጋር መከራከር ትልቅ ነገር ነው። እኛም ጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቆልናል። የግምቱ ቀመር ከቤቱ ባለቤት እጅ ካልገባ 2009 ይደገማል ብዬ እሰጋለሁ።

ወደ መርካቶው ደረሰኝ ልመለስ፤ እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ አስመጪ ስንት ኮንቴይነር፣ ምን ዕቃ፣ በምን ዋጋ እንዳስገባ ጉምሩክ ውስጥ ተመዝግቧል። ያ ሰው 5,000 ካርቶን አስገብቶ በደረሰኝ የሸጠው 600 ካርቶን ከሆነ ሌላው 4,400 ለማን ተሸጠ? ይህን ለማወቅ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን መዘርጋት ይበቃል። አስመጪው ደረሰኝ ከሰጠ አከፋፋዩ ለመስጠት ይገደዳል፤ ምክንያቱም የከፈለውን ቫት ማቀናነስ ይፈልጋል። ቸርቻሪውም እንዲሁ። እርግጥ አስመጪ ጋር መሄድ ጀበና ቡና ጋር እንደመሄድ አይቀልም፤ አስመጪ ስልክ የሚደውልለት ሰው አለው። ለዚህ ይመስለኛል ቁጥጥሩ ሁልጊዜ ከታች የሚጀምረው።

በዚህ ላይ የተለየ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ ገቢዎች ውስጥ የሠራችሁ፣ ጻፉልኝ። ስማችሁን አላነሣም። በሚቀጥለው ጊዜ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።