ሃይብሪድ መኪና ለሥራ ምልልስ ያዋጣል? መልሱ ያለው መንገድዎ ላይ ነው

[ምስል፦ ቀይ የትራፊክ መብራት፤ የተሰለፉ መኪኖች የኋላ መብራት]

1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ መብራቱ ቀይ ሆነበት እንበል። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ መኪናውም ይቆማል። ነዳጅ ተቃጥሎ የተገኘው ጉልበት ሙቀት ሆኖ አየር ላይ በነነ ማለት ነው። መጠኑን እናስላው። በዚህ ፍጥነት መኪናው የያዘው ጉልበት 135 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 32,000 ኪሎ ጁል ያህል ቢይዝም፣ ሞተሩ በከተማ ጉዞ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከሩቡ ብዙም ስለማይበልጥ፣ አንድ ጊዜ መቆም 17 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ያስከፍላል፤ ይህም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ከፍ ይላል። ጠዋት 30 ጊዜ፣ ማታ 30 ጊዜ እንዲህ እየቆመ የሚነሳ ሰው ፍሬን በመያዝ ብቻ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ያጣል።

ሃይብሪድ መኪና፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ያለው መኪና፣ የተሠራው ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው። እግርዎ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ሲነካ፣ መኪናውን ይገፋ የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር ተገላብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፤ የጎማዎቹም ዙረት ባትሪውን ይሞላል። የጠፋው ሁሉ አይመለስም፤ ነገር ግን በለዘብታ ለሚነዳ ሰው ግማሽ ያህሉ ተመልሶ መኪናውን ከቆመበት ለማስነሳት ይውላል። ፍሬኑን በድንገት የሚረግጥ ሰው ግን አብዛኛውን ሥራ ለፍሬን ሸራው ስለሚተወው ሃይብሪድ መግዛቱ ያን ያህል አይጠቅመውም። በዚህ ረገድ የአሽከርካሪው እግር ከመኪናው ያላነሰ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ቁጠባ ከመቆም የሚገኝ ነው። ተራ መኪና መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ ሲሠራ፣ አንዲት ሜትር ሳይራመድ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል። የሃይብሪዱ የቤንዚን ሞተር ግን በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጠፍቶ ይቆያል። ቶዮታ በ1997 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ካቀረበ ወዲህ ሃይብሪድ በከተማ ከአውራ ጎዳና ይልቅ ነዳጅ በመቆጠብ የታወቀው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው፤ በተራ መኪና ነገሩ ተቃራኒ ነው።

[ምስል፦ ያለ ማቋረጥ የሚፈስ አውራ ጎዳና]

አሁን መንገዱን እንለውጠው። ከቤትዎ እንደወጡ አውራ ጎዳና ገብተው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ፍሬን ሳይነኩ የሚደርሱ ከሆነ ከፍሬን የሚሰበሰብ ጉልበት የለም፤ የሚቆሙበት ቀይ መብራትም የለም። ዋናው ባላጋራ አየር ነው፤ የአየር ግፊት ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ባትሪው በዚህ ላይ የሚያግዘው ትንሽ ነው። ሃይብሪዱ እዚያም ጥቂት መቆጠቡ አይቀርም፤ ሞተሩ ራሱ ቁጠባን ታስቦ የተሠራ ነውና።

ስለዚህ «ሥራ ቦታዬ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እንዴት ነው የምደርሰው?» የሚለው ይቀድማል። አሁን የሚነዱት መኪና አማካይ ፍጥነት የሚያሳይ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ይከታተሉት፤ የማያሳይ ከሆነም የተጓዙትን ኪሎ ሜትር በፈጀብዎት ሰዓት ያካፍሉ። አማካዩ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ምልልስዎ ለሃይብሪድ የተመቸ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከ70 በላይ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ደጋግመው ያስቡበት።

[በስክሪኑ ላይ፦ የዋጋ ልዩነት ÷ በዓመት የሚተርፍ ነዳጅ = ዓመታት]

ሒሳቡን በምሳሌ ላስረዳ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 250 ቀን የሚመላለስ ሰው 10,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በተጨናነቀ ከተማ ተራው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ ሃይብሪዱ 4.5 ሊትር ቢጠጡ በዓመት 250 ሊትር ይተርፋል። በአውራ ጎዳና ልዩነቱ አንድ ሊትር ብቻ ቢሆን የሚተርፈው 100 ሊትር ነው። ከዚህ በኋላ በሃይብሪዱና በተራው መኪና መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት በነዳጅ ሊትር ይተምኑት። ልዩነቱ 1,000 ሊትር የሚገዛ ገንዘብ ከሆነ፣ የከተማው ሰው በ4 ዓመት ይመልሰዋል፤ የአውራ ጎዳናው ሰው ግን 10 ዓመት ይጠብቃል። መኪናውን በ5 ዓመት ውስጥ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም። እርግጥ የፍሬን ሸራ ቶሎ አለማለቁ ወደ ሒሳቡ የሚገባ ጥቅም ነው፤ ግን ብቻውን ውሳኔ አያስለውጥም።

ምልልሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ለሆነ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቀዘቀዘ ሞተር ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን ለማሞቅ መሥራት ስላለበት፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ሞቆ ሳይጨርስም እርስዎ ይደርሳሉ። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ሰው በሶኬት የሚሞላውን ዓይነት ሃይብሪድ ቢመለከት ይሻለዋል፤ ብዙዎቹ ቤንዚን ሳይነኩ በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛሉና። ሳይሞሉት የሚነዱት ከሆነ ግን ትርፉ ከባድ ባትሪ መሸከም ነው።

[ምስል፦ የኋላ መቀመጫ፤ ካሜራው ከጎኑ ወዳለው ወንፊት ይጠጋል]

ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት ካሰቡ የኋላውን መቀመጫ በር ከፍተው ጎንበስ ይበሉ። በብዙ ሞዴሎች መቀመጫው አጠገብ ወንፊት የመሰለ ክፍተት ያገኛሉ፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በዚያ ነው። በአቧራና በፀጉር ተደፍኖ ካዩት፣ ባትሪው ለረጅም ጊዜ እየጋለ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ከዚያ ሃይብሪድ የሚያውቅ መካኒክ በኮምፒውተር እያንዳንዱን የባትሪ ክፍል እንዲያነብልዎት ያድርጉ። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጉልህ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የባትሪውን መጠገኛ ወይም መለወጫ ዋጋ ጠይቀው ቅድም ባሰሉት የዋጋ ልዩነት ላይ ይደምሩትና ዓመታቱን እንደገና ይቁጠሩ።