ሳይመረጡ ሴናተር መሆን ይቻላል እንዴ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ እዚህ አሜሪካ ህዝብ ሳይመርጠው በሹመት ብቻ ሴናተር የሆነ ሰው አለ ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ ወንድሜ፣ ሴናተሩ ሲሞት ወይ ሲለቅ በብዙው ስቴት አገረ ገዢው ጊዜያዊ ሰው ይሾማል፣ የ1913ቱ 17ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያ ይፈቅዳል። ኦባማ በ2008 ሲመረጥ የለቀቀውን የኢሊኖይ ወንበር ሮላንድ በሪስ የያዘው እንደዛ ነው።

ከቺካጎ፦ በሪስ ጠበቃ ነበር አይደል? ሴኔት በር ላይ መለሱት የሚባለውስ ምንድነው?

መልስ፦ አዎ ጠበቃ ነው፣ ህግ የተማረው የዲሲ ልጆች በደጁ የምታልፉበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1978 የኢሊኖይ ኮምትሮለር፣ ማለት የስቴቱን ቼክ የሚቆርጠው ሰውዬ ሆኖ ተመረጠ፣ በስቴቱ ደረጃ ምርጫ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው፣ ቀጥሎ የስቴቱ ጠቅላይ አቃቤ ህግ ሆነ። ከዛ በኋላ ግን ለገዢነት ሶስቴ ለቺካጎ ከንቲባነት አንዴ ተወዳድሮ ሁሉንም ተሸነፈ፣ በ2002 ያሸነፈው ደግሞ ማን መሰላችሁ፣ ኋላ የኢሊኖይ ገዢ ሆኖ ሴናተር አድርጎ የሾመው ሮድ ብላጎየቪች ራሱ! (በነገራችን ላይ ሰውዬው ሹመት ይወዳል፣ በቁሙ መቃብሩን አሰርቶ ማእረጎቹን ድንጋይ ላይ አስቀርጿል።)

ችግሩ ብላጎየቪች ወንበሩን ሊሸጥ ነበር ተብሎ ዲሴምበር 9 ቀን 2008 ተይዟል፣ በሪስን የሾመው ደግሞ ከተያዘ ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው። ጃንዋሪ 6 በሪስ ወረቀቱን ይዞ ሴኔቱ ወዳለበት ካፒቶል ሲሄድ የስቴቱ ሴክሬተሪ፣ ማለት የስቴቱን ሰነዶች የሚያረጋግጠው ባለስልጣን፣ ፊርማ የለበትም ብለው መለሱት፣ በዝናብ ወጥቶ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በሶስተኛው ቀን የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሴክሬተሪው ፊርማ ለሹመቱ አያስፈልግም አለ፣ ጃንዋሪ 15 ማለ።

ከአዲስ አበባ፦ ታዲያ ከፍሎ ነው ወይስ እንዲሁ ነው ያገኘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ክስ የሚባል አልተመሰረተበትም፣ ስለዚህ ከፈለ ማለት አንችልም። ግን ከገዢው ሰዎች ጋር ስላወራው ነገር ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ሲል የሴኔቱ የስነ ምግባር ኮሚቴ በ2009 መጨረሻ በደብዳቤ ወቀሰው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ህጉ ከሱ ጋር ነበር፣ ግን ከተከሰሰ ሰው እጅ ሹመት ስትቀበል ወሬው እንደማይለቅህ ጠበቃ ሆኖ ሊያውቀው ይገባ ነበር። በ2010 አልተወዳደረም፣ ማርክ ከርክ አሸንፎ ኖቬምበር 29 ወንበሩን ተረከበው።