ፒሲኦኤስ እያለብሽ ልጅ ስትፈልጊ፦ እንቁላሉ አለ፣ የጠፋው ቀኑ ነው

[ምስል፦ ቀኖቹ አንድ በአንድ የሚሰረዙበት ካላንደር]

የወር አበባሽ ከመጣ 43 ቀን ሆነው። ቀረ ማለት ይሆን? የእርግዝና መመርመሪያ ገዝተሽ ትመጪያለሽ። አንድ መስመር። ሁለት ቀን ታግሰሽ ትደግሚያለሽ። አሁንም አንድ መስመር። በ51ኛው ቀን ደሙ ይመጣል።

ፒሲኦኤስ፣ ማለትም እንቁላል እንዳይወጣ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር፣ ያለባት ሴት ይህን ነገር በደንብ ታውቀዋለች። የወር አበባዋ መዘግየቱን ለምዳዋለች፤ ግን ልጅ መፈለግ ስትጀምር እያንዳንዱ መዘግየት ተስፋ ይዞ ይመጣል፣ ተስፋውን ይዞት ይሄዳል። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለእሷ ነው። ሰውነትሽ ውስጥ የሚሆነውን ካወቅሽ ሐኪም ዘንድ የምትጠይቂው ጥያቄ ይለወጣል።

ከስሙ እንጀምር። ፒሲኦኤስ የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም አጭር ስም ነው፤ እንዲህ ሲባል ኦቫሪው፣ ማለትም እንቁላል የሚይዘው የሴት አካል፣ በሲስት (ፈሳሽ በቋጠረ እጢ) የተሞላ ይመስላል። አልትራሳውንድ ላይ እነዚያን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ስታይ እጢ መስሎሽ ደንግጠሽ ይሆናል። እጢ አይደሉም። ፎሊክል ይባላሉ፤ እንቁላል የሚያድግባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ ስለቆሙ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች የ7 ሴቶችን ታሪክ ሲጽፉ ዓይን የሚስበው ይኸው የኦቫሪው መልክ ነበር፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አሳሳች ስም ነው። በእያንዳንዷ ከረጢት ውስጥ እንቁላል አለ። እንቁላል አልጎደለብሽም።

ታዲያ ለምን ይቆማሉ?

[ምስል፦ ከአንጎል ወደ ኦቫሪ የሚሄድ መልእክት]

በአብዛኛው በአንድ ዑደት አንዷ ፎሊክል ሌሎቹን ትቀድማለች። ወደ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ታድግና ትፈነዳለች፤ እንቁላሉም ይወጣል። ብዙ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ግን ሰውነታቸው ለኢንሱሊን እንደሚገባው አይታዘዝም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪውን የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲሠራ ይገፋዋል። የወንድ ሆርሞን ሲበዛ ፎሊክሎቹ ሳይበስሉ ይቆማሉ። እንቁላል አልወጣም ማለት ነው፤ የወር አበባውም ይዘገያል። አገጭ ላይ የሚበቅለው ፀጉርና አልለቅ ያለው ብጉርም የሚመጡት ከዚሁ ሆርሞን ነው።

ይህ ቀጭን ሴቶችንም ይይዛል። "አንቺማ ቀጭን ነሽ፣ ይህ አይመለከትሽም" ተብለሽ ከተመለስሽ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቂ።

ሐኪሞች ፒሲኦኤስ ነው የሚሉት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ነው። የተዛባ ወይም የጠፋ የወር አበባ፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ እና በአልትራሳውንድ የሚታየው የኦቫሪ መልክ። ከዚያ በፊት ግን የታይሮይድና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት የሚያመጣው) ሆርሞን መታየት አለበት፤ እነሱም የወር አበባ ያዛባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ልጅ መውለድ በሚያስችል ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶው ይህ ችግር አለባቸው፤ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትም እንዳለባቸው አያውቁም።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን።

[ምስል፦ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን፣ አንዱ 28 ቀን፣ አንዱ 45 ቀን]

"14ኛው ቀን ላይ ሞክሩ" ሲባል ሰምተሻል። ይህ ምክር የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደትሽ 45 ቀን ከሆነ፣ እንቁላል የሚወጣው 31ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ያውም ከወጣ። ስንት ባልና ሚስት በ14ኛው ቀን ተጨንቀው ሞክረው፣ ትክክለኛው ቀን ሲመጣ ደክሟቸው ተኝተዋል! ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውማ።

በሽንት እንቁላል መውጣቱን የሚለዩት ስትሪፖችም ሊያታልሉሽ ይችላሉ። የሚለኩት ኤልኤች የሚባለውን ሆርሞን ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው ብዙ ሴቶች ደግሞ ይህ ሆርሞን ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ እንቁላል ሳይወጣ ስትሪፑ "ዛሬ ነው" ሊልሽ ይችላል። የደም ምርመራውም ያው ነው። "በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን ተመርመሪ" ከተባልሽ፣ ዑደትሽ ረጅም መሆኑን ተናገሪ። ፕሮጄስትሮን እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፍ የሚል ሆርሞን ነው። ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ከሚቀጥለው የወር አበባ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው።

ቀኑን መገመት ካቃተሽ፣ ቀኑን ማሳደድ ተዪ። በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መገናኘት ይበቃል። የወንድ ዘር በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላል ግን ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው። ዘሩ ቀድሞ ይጠብቀው።

"አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ኑ" የሚለው ምክርም ያንቺ አይደለም። የወር አበባሽ በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከመጣ፣ ወይም በየ35 ቀኑ እንኳ ካልደረሰ፣ አሁኑኑ ሂጂ። በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ እንቁላል የምትለቅ ሴት ያላት ዕድል አምስት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ካልመጣ ደግሞ ልጅ ባትፈልጊም መታየት አለብሽ፤ የማህፀን ግድግዳ ሳይረግፍ እየወፈረ መቆየቱ ጥሩ አይደለም።

ስትሄጂ ባልሽን ይዘሽው ሂጂ። የእሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው። አንቺ ለወራት ኪኒን ስትውጪ ቆይተሽ ችግሩ እሱም ጋ ነበር ብሎ ማወቅ በጣም ያሳዝናል።

ስለ ክብደት በግልጽ ልናገር። ከመጠን በላይ ክብደት ካለ ከ5 እስከ 10 በመቶውን መቀነስ እንቁላል መውጣቱን ሊመልሰው ይችላል። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ነገር ግን "ቀንሰሽ ተመለሽ" ብሎ መሸኘት ሕክምና አይመስለኝም። በፒሲኦኤስ ክብደት መቀነስ ከባድ ነው፤ ዕድሜም አይጠብቅም። ክብደት መቀነሱና ሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

[ምስል፦ የኪኒን ብልቃጥ]

መድኃኒቱስ? ዛሬ በመጀመሪያ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው። ወረቀቱ ላይ "ለጡት ካንሰር" የሚል ስታነቢ አትደንግጪ። መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። የሴት ሆርሞን የሆነውን ኢስትሮጅን ለጥቂት ቀናት ዝቅ ያደርገዋል። አንጎል ይህን ሲያይ ፎሊክል የሚያሳድገውን መልእክት አጠንክሮ ይልካል። የሚወሰደው በዑደቱ መጀመሪያ አካባቢ ለ5 ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 750 ፒሲኦኤስ ያለባቸውን ሴቶች እስከ 5 ዙር ተከታትሏል። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶው ልጅ ታቅፈዋል፤ የቆየውን ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶው። ክሎሚፊን ብቻ ከታዘዘልሽ "ሌትሮዞልስ?" ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለውም። ሁለቱም መንታ ሊያመጡ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰዱም።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ለኢንሱሊኑ ይረዳል፤ ለብቻው ለማርገዝ ግን ከሌትሮዞል ያንሳል። ኪኒኑ ካልሠራ ፎሊክል የሚያሳድግ መርፌ አለ፣ ከዚያም ከሰውነት ውጪ ማዳቀል አለ። እዚያ ከደረስሽ ፒሲኦኤስ እንዳለብሽ ደጋግመሽ ተናገሪ። እነዚያ ቆመው የነበሩ ፎሊክሎች ለመርፌው ሁሉም በአንዴ ሊነሱ ይችላሉ፤ ኦቫሪው ከልክ በላይ ያብጣል፣ ይህም አደገኛ ነው። ሐኪሙ ካወቀ መጠኑን ቀንሶ ይጀምራል።

ፎሊክ አሲድ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ በፊት። የእርግዝናሽ ቀን በማይታወቅበት ሁኔታ ቀድሞ መጀመሩ ላንቺ የበለጠ ያስፈልጋል። ሐኪምሽ ከፍ ያለ መጠን ካዘዘልሽ እሱን ውሰጂ።

[ምስል፦ ሁለት መስመር ያለው መመርመሪያ]

ሁለት መስመር ያየሽ ቀን ደግሞ፣ ከደስታሽ በኋላ፣ ለክትትል ስትሄጂ ፒሲኦኤስ እንዳለብሽ መጀመሪያ ንገሪያቸው። በእርግዝና የሚመጣ ስኳርና የደም ግፊት በፒሲኦኤስ ላይ በብዛት ይታያል። የስኳር ምርመራ ገና በመጀመሪያው ጉብኝት ጠይቂ፤ ደህና ቢሆንም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገምልሽ።