የቆመ ውኃና ጣራችን፦ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በዛሬው ጉባኤ ስለ ጣራ እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ግንቦት ሊጋመስ ነው፤ በጮቄ በኩል ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። ሰኔ ከገባ በኋላ ጣራ ጠጋኝ ማግኘት ይከብዳል፤ ቢገኝም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው ማውጣት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ የማነሣው ጉዳይ የክረምት ቢሆንም ሥራው የአሁን ነው።

በራሴ ቤት ከደረሰው ልነሣ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ ወርዶ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይም ወጥታ ሳለ፣ ከመኝታ ቤታችን ኮርኒስ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቆርቆሮው የተበሳ መስሎኝ ሰው ጠርቼ ሬንጅ አስቀባሁ፤ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ባለሙያውንም አመስግኜ ሸኘሁ። በሚቀጥለው በረዶ ግን ቤቱ እዚያው ቦታ ላይ አፈሰሰ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚያፈስ ጣራ ምን ዓይነት ጣራ ነው ብዬ በማግስቱ መሰላል ተደግፌ ብመለከት፣ አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ታፍኗል፤ በቅጠሉ ላይ የተከመረው በረዶም ገና አልቀለጠም። ቆርቆሮው ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆርቆሮ ጣራ የሚከላከለው የሚወርድን ውኃ እንጂ የቆመን ውኃ አይደለም። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚደረበው ውኃው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል ተብሎ ነው። በረዶው ተንሸራትቶ አሸንዳውን ሲሞላና በጣራው ጠርዝ ላይ ሲከመር ግን እንደ ግድብ ይሆናል፤ ከላይ የሚቀልጠውም ሆነ ተከትሎ የሚዘንበው ውኃ መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በድርቡ ሥር ይገባል፣ ከዚያም በወራጁ እንጨት ላይ ተጉዞ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል። ውኃው የሚታይበት ቦታና የገባበት ቦታ የሚራራቁትም በዚህ የተነሣ ነው፤ የእኔ ሬንጅ በከንቱ የቀረውም እንዲሁ።

ክረምታቸው የበረዶ በሆነ አገሮች ይኸው ችግር በሌላ መንገድ ይመጣል። እዚያ የቤቱ ሙቀት በኮርኒስ አልፎ ጣራውን ከሥር ስለሚያሞቀው የላዩ በረዶ ይቀልጣል፤ ውኃው ቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይረጋና ግድብ ይሠራል። ስለዚህ እነርሱ ከክረምት በፊት ኮርኒሳቸውን ሙቀት እንዳያሳልፍ ይደፍናሉ፣ ከጣራው ሥር ነፋስ እንዲያልፍም ያደርጋሉ። የእኛ በረዶ በሰዓታት፣ ቢዘገይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚቀልጥ ስለሆነ ያ ሁሉ ወጪ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን መውረጃውን ክፍት ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አባቶቻችን የሣር ቤታቸውን ጣራ አሹለው ይሠሩ ነበር፤ አሸንዳ ስላልነበረውም በረዶው ከክፈፉ ላይ ቀጥታ መሬት ይወርድ ነበር። ሣሩም ስለሚበሰብስ ክረምት ሳይገባ ደቦ ጠርተው ይከድኑ ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ጣራውን ዘላለማዊ አድርገን ቆጠርነው፤ ቆርቆሮና እንጨት ለመቆጠብ ስንልም ጣራውን አጋደምነው። በእኔ ግምት ለቆርቆሮው ጥራት ከምንጨነቀው ሩቡን ያህል እንኳ ለተዳፋቱ ብንጨነቅ ኖሮ ግማሹ ችግራችን ባልኖረ ነበር።

አሁን የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። አሸንዳው ከቅጠልና ከአፈር ይጠረግ፤ ከዚያም አንድ ባልዲ ውኃ በአንደኛው ጫፍ አፍስሳችሁ በሌላው በኩል በመውረጃ ቱቦው መውጣቱን ተመልከቱ። አሸንዳው በየ3 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ቱቦው ማዘንበል አለበት። ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ግን የአሸንዳው የውጭ ከንፈር በግድግዳው በኩል ካለው ዝቅ ብሎ እንዲታሰር ነው፤ ያን ጊዜ አሸንዳው በበረዶ ቢታፈን እንኳ ውኃው ወደ ደጅ ይፈስሳል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። ይህች የ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከአንድ በርሜል ሬንጅ ትበልጣለች።

ሁለት የጣራ ክንፎች የሚገናኙበት ቦይ ከሁሉ ቀድሞ በረዶ የሚከመርበት ስለሆነ እርሱንም አጽዱ። ምስማሮቹንም ፈትሹ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ይሰነጠቃል። በጣራ ላይ ያዘነበለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ያላችሁም አሁኑኑ ቁረጡት።

በረዶው በሚወርድበት ቀን ማንም ሰው ጣራ ላይ አይውጣ። 10 ሳንቲ ሜትር የተከመረ በረዶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ኩንታል ያህል ሊመዝን ይችላል፤ በዚያ ላይ የሰው ክብደት ሲጨመር አሮጌ ማገር አይችለውም። በአካፋ መዛቅም ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ዚንክ ይፍቀዋል። በረዶ ያቀልጣል ብሎ ጨው መበተን ደግሞ ዝገትን መጥራት ነው። ከመሬት ሆኖ በረዥም እንጨት አሸንዳውን ቀስ ብሎ መክፈት ይበቃል።

በመጨረሻ የማነሣው የእድራችንን መጋዘን ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ያሉት እዚያ ነው፤ ድንኳኑ ባለፈው ክረምት በአንድ ጎኑ መሻገቱንም ሁላችሁም ለቅሶ ቤት አይታችኋል። በጓሮ በኩል ያለው አሸንዳ ወደ ግድግዳው ያዘነበለ መሆኑን ትናንት አረጋግጫለሁ። ጉባኤው ከፈቀደ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አራት ጎልማሶች ቢመጡልኝ መሰላሉን፣ መዶሻውንና ማሰሪያ ሽቦውን እኔ ይዤ እገኛለሁ። የሚያስፈልገን ከእድሩ ሣጥን የጎማ ምስማር መግዣ ብቻ ነው።