ሲስተሙማ ነበረ! ለኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆችና እንግዶች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ!

የትምህርት ክፍሉ ሲጋብዘኝ «አጠር ያለ፣ ስለ ሥራው ዓለም፣ አበረታች ነገር» ብሎኝ ነበር። ስለ ሥራው ዓለም እናገራለሁ። አበረታችነቱን ግን እንጃ። ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ ስለ ፋይል ነው። ፕሮግራም ፋይል ሲከፍትና ሲፈጥር ምን እንደሚሆን። ከኋላ የተቀመጣችሁት ስትስቁ ይታየኛል። ለምርቃት ቀን የሚሆን ርዕስ አይመስልም፤ ልክ ናችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ወላጆች ግራ እንዳይገባችሁ ከሥሩ ልጀምር። ልጆቻችሁ የሚጽፉት ፕሮግራም ዲስኩን በቀጥታ አይነካም። አይፈቀድለትም። ዲስኩን የሚያዘው ከርነል ነው፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ሲፈልግ ከርነሉን ይጠይቃል። ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል፤ ለመክፈት የሚላከው ደግሞ ኦፕን ነው። «ይህን ፋይል ለማንበብ ክፈትልኝ» ይላል። ወይም «ልጽፍበት ነው፤ ከሌለ ፍጠርልኝ» ይላል። ከርነሉ ከፎልደር ወደ ፎልደር እየተከተለ ይሄዳል። በየደረሰበት ጠያቂው ማለፍ ይፈቀድለት እንደሆነ ያያል። ሁሉ ነገር ከተሟላ አንድ ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፋይል ዲስክሪፕተር የምንለውን። ትልልቅ ሱቆች በር ላይ ቦርሳ ስታስቀምጡ የሚሰጣችሁን ቁጥር አስቡ። ከዚያ በኋላ የፋይሉን ስም የሚጠራ የለም፤ ማንበቡም መጻፉም በቁጥሩ ነው። 0፣ 1 እና 2 ፕሮግራሙ ሲነሳ የተያዙ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትከፍቱት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 3 ይሆናል። ስትጨርሱ ክሎዝ ብላችሁ ቁጥሩን ትመልሳላችሁ።

መሠረቱ የቆየ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጀመሩት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዩኒክሶች ኦፕን ያለውን ፋይል ብቻ ነበር የሚከፍተው፤ ለመፍጠር ክሬት የሚባል ሌላ ጥሪ ነበር። ኋላ ላይ ኦፕን ራሱ መፍጠሩንም ያዘ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም፣ ከርነሉ ዩኒክስን መስሎ የተሠራው ሊኑክስ ነውና፣ በዚሁ መንገድ ነው ፋይል የሚከፍተው።

እዚህ ድረስ የምታውቁት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከርነሉ እምቢ ሲል ዝም አይልም። ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል። ሊኑክስ ላይ 2 ካለ የጠራኸው ነገር የለም። 13 ካለ ፈቃድ የለህም። 17 ካለ ፍጠር ያልከው ቀድሞውኑ አለ። 28 ካለ ዲስኩ ሞልቷል። 24 ካለ ደግሞ ከፍተህ ያልዘጋኸው በዝቷል፣ ሌላ አልሰጥህም ማለቱ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ መልስ የሚሰጥ ቢሮ ታውቃላችሁ?

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

አንድ የክፍያ መሥሪያ ቤት «ሲስተማችን አስቸገረን» ብሎ ጠራኝ። ስሙን አልጠራም። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሲስተሙ «ይሄዳል»። የት እንደሚሄድ አይታወቅም። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲያበሩት ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያለ ወራት አልፏል።

ስደርስ መስኮቱ ጋ አንዲት እናት ቆመዋል። ከገጠር ቀበሌ በጠዋት መኪና ተነሥተው የመጡ ናቸው። ከመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ልጅ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። እሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ ባለፈውም የለም ብላችሁኝ ነበር። ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጣው?» አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ምን ትበል? እሷም አታውቅም።

መፍትሔ ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። አንዱ «ቆርቆሮው ከሰዓት ይግላል፣ ሙቀቱ ነው» አለ፤ ቬንትሌተር ተገዛ። ሌላው «ከሰዓት ኔትወርክ ይጨናነቃል» አለ፤ መስመር ተቀየረ። ሦስተኛው መብራቱን ጠረጠረ፤ ዩፒኤስ ተገዛ። ይህ ሁሉ ብር ሲወጣ ፕሮግራሙን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ያቀረበው ድርጅት በስልክ የሰጠው ምክር «አጥፍታችሁ አብሩት» ነው።

ፍንጩን የሰጠኝ ዘበኛው ነው። «እኔ እንኳ አላውቅም» ብሎ ጀመረ፤ «ግን በገበያ ቀን ቶሎ ነው የሚሄደው። ሰው ሲበዛ ረፋዱ ላይ ይሄዳል። ሰው ሲያንስ እስከ ማታ ይቆያል።» ከኢንጂነሩ ሁሉ ዘበኛው በለጠ! ሙቀት የገበያ ቀን አያውቅም። መብራትም የገበያተኛ ብዛት አይቆጥርም። ሰው የሚቆጥር ነገር እየሞላ ነው ማለት ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኤስትሬስን አስነሣሁ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቀውን ሁሉ፣ ከርነሉም የሚመልሰውን በየመስመሩ ያሳያል። ደረሰኝ ይታተማል፤ ለቅጂው አዲስ ፋይል ይፈጠራል፤ ይጻፍበታል። ከዚያ ክሎዝ እጠብቃለሁ። የለም። ሌላ ደረሰኝ፣ ሌላ ኦፕን። አሁንም ክሎዝ የለም። ቁጥሩ ብቻ ይጨምራል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ገደብ ለአንድ ፕሮግራም 1024 ነው። 0ን ጨምሮ ሲቆጠር የመጨረሻው 1023 መሆኑ ነው። 1022 ተሰጠ። 1023 ተሰጠ። ቀጥሎ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ኦፕን «ማይነስ አንድ» መለሰ፤ እምቢ ማለቱ ነው፤ ምክንያት፦ 24።

በቃ። ጠዋት ደህና የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ፕሮግራም ሲሞት ከርነሉ የከፈተውን ሁሉ ራሱ ይዘጋለታል።

ከዚያ ኮዱን አስከፈትኩ። ደሜ የፈላው እዚያ ላይ ነው። ክሎዝ መርሳትማ የማንም ነው። ግን ከኦፕኑ ሥር የተጻፈውን ስሙ፦ መልሱ ከዜሮ ካነሰ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ስክሪኑ ላይ «ሲስተም የለም፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ብለህ ጻፍ ይላል። በአማርኛ! ቃል በቃል! ዲስኩ ቢሞላም ያው ነው። ፈቃድ ቢከለከልም ያው ነው። ፎልደሩ ቢጠፋም ያው ነው። ሎግ ላይ እንኳ አንዲት ቁጥር አልተጻፈችም።

ሲስተሙማ ነበረ! ከርነሉ እዚያው ቁጭ ብሎ «24፣ 24፣ 24» እያለ ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ እውነቱን ተናግሯል። መልሱን የዋጠው ፕሮግራመር ነው። ያቺን ልጅ በየቀኑ ውሸታም ያደረጋት እሱ ነው። እኚያን እናት ከነትራንስፖርታቸው የመለሳቸው ሙቀት አይደለም፣ ኔትወርክ አይደለም፣ መብራትም አይደለም። እኛ ነን! ጥቁር ጋዋን ለብሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ከዚህ አዳራሽ የወጣን ሰዎች ነን!

እዚህ ላይ ብታጨበጭቡ አልቀየምም።

ፕሮግራሙን ያቀረበው ድርጅት ከዚያ በኋላ ያመጣውን መፍትሔ ደግሞ ስሙ። «ገደቡን ወደ 65 ሺህ እናሳድገው» አሉ። ማለትም ከሰዓት ይወድቅ የነበረው፣ ካላጠፉት፣ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ይውደቅ። ያኔማ ዘበኛውም አያውቀው። ክሎዝ አንድ መስመር ነው። እሷን ጻፉ ብዬ መለመን ነበረብኝ።

መምህሮቼ፣ አትቀየሙኝ፤ እናንተም ጋ አንድ ቅሬታ አለኝ። እዚህ ግቢ ሳለን፣ የላቡ ኮምፒውተር ግማሹ አልነሣም እያለ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተማርነው በሃንድአውት ነው። ፈተናው «የሲስተም ኮል ዓይነቶችን ዘርዝሩ» ይላል። ፕሮሰስ ኮንትሮል፣ ፋይል ማኔጅመንት፣ ዲቫይስ ማኔጅመንት እያልን ዘርዝረናል። ኤ ያገኘን አለን። አንዱንም ግን በዓይናችን አላየንም! ችግሩ የገንዘብ ቢሆን ዝም እል ነበር። ኤስትሬስ ነፃ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ኢንተርኔትም አይጠይቅም። አሁን ላቡ ታድሷል ተብያለሁ፤ ጥሩ ነው። ሃንድአውቱስ ታድሷል?

ተመራቂዎች፣ «እኔ በሲ ቋንቋ አልጽፍም፣ ይህ አይመለከተኝም» እንዳትሉ። ፓይተን ላይ ትራይ (ሞክር) ብላችሁ፣ ኤክሴፕት (ስህተት ከመጣ) ብላችሁ፣ ከሥሩ ፓስ (ዝም ብለህ እለፍ) የምትጽፉት እናንተም ያው ናችሁ። ቋንቋው ከሥር ኦፕንን ነው የሚጠራው። እሱ ያመጣላችሁን መልስ በፓስ ቀበራችሁት ማለት ነው። ስንት የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ አይቼዋለሁ! ዲሞ ላይ እንዳያሳፍር ተብሎ የተጻፈ ፓስ፣ ሥራ ቦታ ሰው ያሰድዳል።

ሁለተኛ ነገር አለኝ፤ ይህን በአጭሩ። ፋይል ስትፈጥሩ «አለ ወይ?» ብላችሁ መጀመሪያ አትጠይቁ። ሁለት መስኮት ላይ ሁለት ሠራተኞች እኩል ደረሰኝ ቢቆርጡ ሁለቱም ይጠይቃሉ፤ ለሁለቱም «የለም» ይባላል፤ ሁለቱም ያንኑ ስም ይጽፋሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። የአንድ ሰው ክፍያ ሄደ። ኦዲት ሲመጣ የምትታሠረው ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ለኦፕን ኦ-ክሬትንና (ከሌለ ፍጠር) ኦ-ኤክስክልን (ካለ እምቢ በል) አንድ ላይ ስጡ። ያኔ ማየቱንና መፍጠሩን ከርነሉ በአንድ እርምጃ ያደርገዋል፤ መሐል የሚገባ የለም። አንዱ ቁጥር ያገኛል፣ ሌላው 17 ይባላል። 17 ውድቀት አይደለም፤ ወደሚቀጥለው ደረሰኝ ቁጥር ሂድ ማለት ነው። ፓይተን ይህን በኤክስ ሞድ፣ ማለትም በአንድ የፋይል መክፈቻ ዓይነት፣ ይሰጣችኋል፤ ከ3.3 ጀምሮ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። ሲ-11 የተባለው የሲ ቋንቋ ደረጃም አለው። ጃቫም ክሬት-ኒው ይለዋል። ሰበብ የለም።

መብራት ለሚጠፋበት አገር ደግሞ አንድ ልጨምር። ለመጻፍ በሚያገለግለው በደብልዩ ሞድ ስትከፍቱ የድሮው ፋይል ባዶ የሚሆነው ኦፕኑ ላይ ነው፤ አንዲት ፊደል ሳትጻፍ። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ወይም መብራቱ ያኔ ከሄደ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። ጻፍኩ ያላችሁት ነገርም መጀመሪያ ሜሞሪ ውስጥ ነው የሚያርፈው፤ ዲስክ ላይ እስኪደርስ 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ስም ጻፉ፣ ኤፍ-ሲንክ (አሁኑኑ ዲስክ ላይ አድርስ) በሉ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ስም ሪኔም አድርጉ። የፈቃዱንም ነገር አትርሱት፦ የደመወዝ ፋይል ስትፈጥሩ 0600 ስጡት፤ ባለቤቱ ብቻ ያንብብ፣ ይጻፍ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ 666 (ሁሉም ያንብብ፣ ይጻፍ) ብትሉ፣ በተለመደው ኡማስክ (ከፈቃዱ ላይ የሚቀንሰው ቅንብር) 644 ይሆንና የሰውን ደመወዝ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያነብበዋል።

ሌላም ነበረኝ፤ የመድረክ መሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ስለሆነ ይቅር።

ከምሳ በኋላ ላቡ ክፍት እንዲሆን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ላፕቶፓችሁንና የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ይዛችሁ ኑ። በኤስትሬስ እናስነሣውና ስንት ፋይል ከፍቶ ሳይዘጋ እንደሚተው እናያለን። መምህራንም ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ወንበር ይበቃል ተብሏል። ወላጆች፣ እናንተ ፎቶአችሁን ተነሡ። በድጋሚ እንኳን ደስ አላችሁ። አመሰግናለሁ።